የንግሥቲቱን ሰዓት ሳይጨርስ የሞተው ሰዓት ሠሪ

የአባቴ የእጅ ሰዓት በፊቱ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው፤ በእርሷም የወሩ ቀን በቁጥር ይታያል። አባቴ በአገራችን አቆጣጠር ቢያስተካክለውም ወር በተለወጠ ቁጥር መስኮቷ 31 ትላለች። በእኛ ወር ደግሞ 31ኛ ቀን የለም። ስለዚህ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ መስኮቷን ማየት ትቶ ነበር። ባለፈው ክረምት ይህን ላስተካክልለት አሰብሁና ጋሼ እያልን ወደምንጠራቸው ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪ ሄድሁ። እርሳቸውም በጠረጴዛቸው አጠገብ አስቀምጠው ሰዓቱን ፈቱልኝ።

ከሰዓቱ ፊት ሥር አንድ ስስ ቀለበት አለ። ከ1 እስከ 31 ተጽፎበታል፤ በውስጥ ጠርዙም 31 ጥርስ አለው። በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ የሚዞር መዘውር በጣቱ አንዱን ጥርስ እየገፋ ቀለበቱን በየሌሊቱ አንድ እርምጃ ያስኬደዋል፤ አንዲት ቀጭን ሞላም እንዳይነቃነቅ ትይዘዋለች። እኔ በቀለበቱ ላይ ስስ ወረቀት ለጥፌ፥ ዙሪያውን በ30 እኩል ከፍዬ፥ የግዕዝ ቁጥር ጻፍሁበት። ፩ በመስኮቷ መካከል ቆመ፤ ተደሰትሁ። ነገር ግን ቀለበቱን ባራመድነው መጠን ቁጥሩ ወደ ዳር እየሸሸ ሄዶ ፲፭ ላይ ስንደርስ ግማሹ ተደበቀ። ለካ ጥርሱ 31 ሆኖ ሳለ ቁጥሩን በ30 መክፈሌ ኖሯል! ጋሼም ከሳቁብኝ በኋላ፥ ይህ የወርና የጥርስ ጠብ ትልልቆቹንም ሰዓት ሠሪዎች ያደከመ ነው ብለው የአብርሃም ሉዊ ብሬጌን ስም ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰውየው ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ ለእናንተም እነሆ አቀረብሁ።

ብሬጌ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1747 ዛሬ የስዊስ አገር ክፍል በሆነችው በኔሻቴል ተወለደ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ገና በ11 ዓመቱ አባቱ ሞተ። እናቱ ከሰዓት ሠሪ ቤተሰብ የሆነ ሰው አገባችና ልጁ በእንጀራ አባቱ በኩል ሙያውን አወቀ። በ1762 ወደ ፈረንሳይ አገር ተልኮ የንጉሡ ቤተ መንግሥት በነበረበት በቬርሳይ በአንድ ባለሙያ ዘንድ ተለማማጅ ሆነ። ከሥራው ጋር በፓሪስ በማዛረን ኮሌጅ ሒሳብ ይማር ነበር። መምህሩ ማሪ የሚባሉ ቄስ ችሎታውን አይተው በቤተ መንግሥት ሰዎች ዘንድ አስተዋወቁት። በክፍላችን ሒሳብ ምን ይጠቅማል የምትሉ ልጆች ይህችን ቦታ ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ።

በ1775 ትዳር ያዘ፤ በዚያው ዓመት በፓሪስ መካከል በሴን ወንዝ ደሴት ላይ ኬ ደ ሎርሎዥ በሚባለው ዳርቻ የራሱን የሥራ ቤት ከፈተ። ሰው ሲራመድ ራሱን የሚሞላ የኪስ ሰዓት ሠርቶ ስሙ በመኳንንቱ ዘንድ ተሰማ። በ1783 ከንግሥት ማሪ አንቷኔት ዘበኞች አንድ መኰንን ለንግሥቲቱ የሚሆን ሰዓት አዘዘ፤ ይኸውም በዘመኑ የታወቀው የሰዓት ጥበብ ሁሉ የሚገባበት፥ በሌላ ብረት ፈንታ በተቻለ መጠን ወርቅ የሚሠራበት፥ ለዋጋውም ለጊዜውም ወሰን የሌለው ነበር። ሰዓቱ 160 የሚል ቁጥር ተሰጠው።

ከተፈለጉት ነገሮች አንዱ ሰው ሳይነካው ቀኑን በትክክል የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ ነው። ተራው የ31 ጥርስ ቀለበት በፈረንጆች ዓመት አምስት ጊዜ ይሳሳታል፤ አምስት ወሮቻቸው ከ31 ቀን ያነሱ ናቸውና። ለዚህ መድኃኒት የሆነው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚዞር፥ ለ48ቱ ወራት በጠርዙ ላይ ልክ የተሰጠበት መዘውር ነው። አጭር ወር በሆነ ጊዜ የአንድ ዘንግ ጫፍ ጎድጓዳው ውስጥ ይገባል፤ ለየካቲታቸው ጥልቅ፥ ባለ 30 ለሆኑት ጥቂት። ዘንጉ በገባው ልክ ቀለበቱ በወሩ መጨረሻ ተርፎ የቀረውን ቁጥር ይዘላል። ከብሬጌ በፊት እንግሊዛዊው ቶማስ መጅ እንዲህ ያለ የኪስ ሰዓት ሠርቶ ነበር። እኔን ያስደነቀኝ ግን መዘውሩ እንደ አራቱ ወንጌላውያን ዘመን በአራት ዓመት መመለሱ ነው። የፈረንጆቹ እንደ 1900 ባለው ዓመት የካቲትን 29 ሳያደርጉ ያልፋሉና በዚያን ጊዜ ይስታል፤ የእኛ ግን ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ዘወትር 6 ስለምትሆን ለእኛ ቢሠራ ኖሮ ባልሳተ ነበር።

ሥራው ሳያልቅ አብዮቱ ደረሰ። ብሬጌ የቤተ መንግሥት ሰዓት ሠሪ ስለ ነበር ሕይወቱ አሰጋው፤ ከአብዮተኞቹ መሪዎች አንዱ የነበረው ወዳጁ ማራ የይለፍ ወረቀት እንዳስገኘለት ይነገራል። በ1793 ወደ ስዊስ ሸሸ። በዚያው ዓመት ንግሥቲቱን በዚያው ዳርቻ ላይ ባለው በኮንሲዬርዠሪ ወህኒ ቤት አሰሯት፤ የተጀመረው ሰዓቷ ከነበረበት የሥራ ቤት በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬድ ነው። ጥቅምት 16 ቀን ገደሏት።

በዚያው ወር መንግሥቱ አዲስ አቆጣጠር አወጀ፤ 12 ወር እያንዳንዱ 30 ቀን፥ በመጨረሻም 5 ወይም 6 ትርፍ ቀን። ይህ ከእኛ አቆጣጠር ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አንባቢው ራሱ ይመልከት! ቀኑንም በ10 ሰዓት ከፈሉት፤ ይህ ግን ብዙ አልቆየም። ወሮቹም እስከ 1805 መጨረሻ ከሠሩ በኋላ ተሻሩ።

ብሬጌ በ1795 ተመልሶ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረ። ለብዙ ሰው እንዲዳረስ አንድ ጠቋሚ ብቻ ያለው፥ ገዢው ሲያዝ ከፊል ዋጋውን የሚከፍልበት ሰዓት አወጣ። በ1798 ቦናፓርት ወደ ግብፅ ከመዝመቱ በፊት ቀን የሚያሳይ የመንገድ ሰዓት ከእርሱ ገዛ። በ1801 ቱርቢዮን ለሚባለው መሣሪያ የባለቤትነት ፈቃድ አገኘ። በ1816 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። ክብሩ ሁሉ ሲሟላ 160 ቁጥር ግን ገና አላለቀም፤ ያዘዘችው ቤት ፈርሳ፥ ተቀባይዋም ሞታ ሳለ ሥራው አልተጣለም። ብሬጌ በመስከረም 1823 ሞተ። ሰዓቱ የተጨረሰው በልጁ ዘመን በ1827 ነው፤ ከታዘዘ ከ44 ዓመት በኋላ።

በመጨረሻ በኢየሩሳሌም በአንድ ቤተ መዘክር ተቀመጠ። በ1983 ሌባ ሌሊት ገብቶ ከመቶ ከሚበልጡ ሌሎች ሰዓቶች ጋር ወሰደው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ጠፍቶ ኖሮ በ2007 መመለሱ ተሰማ።

የአባቴን ቀለበት በ31 ከፍዬ እንደ ገና ጻፍሁት፤ ከ፴ ቀጥሎ አንድ ቦታ ባዶ ተውሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ወፍሮ ከሰዓቱ ፊት ጋር ስለ ተፋተገ ሰዓቱ ቆሞ ነበርና በሁለተኛው ጋሼ ቀጭን ወረቀት ሰጡኝ። አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው ጠዋት መስኮቷ ባዶዋን ታሳያለች፤ አባቴም ቡናው እስኪደርስ መሙያውን እያዞረ ፩ን ያመጣል።