ጉንፔይ ዮኮይና አራቱ የባትሪ ድንጋዮች

የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ለመጽሔታችን እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፥ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታት፥ ስለ ሐኪሞችና ስለ አገር አሳሾች ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እኔ የመረጥሁት ሰው ግን ዙፋን ያልወረሰ፥ ጦር ያልመራ፥ መድኃኒትም ያላገኘ የመጫወቻ ሠሪ ነው። ስሙ ጉንፔይ ዮኮይ ይባላል፤ አገሩ ጃፓን ነው። በእጅ በሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ጨዋታው ሲጥመው ባትሪው አልቆበት ያውቃል። ይህን ችግር ከዮኮይ አብልጦ ያሰበበት ሰው እኔ አላገኘሁም። የባትሪ ድንጋይ መግዣውን የሚከፍሉት ወላጆች ስለ ሆኑ፥ ታሪኩ እነርሱንም ይመለከታል ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ዮኮይ የተወለደው በሴፕቴምበር 10 ቀን 1941 በኪዮቶ ነው። ኪዮቶ ከቶኪዮ በፊት ከ1,000 ዓመት በላይ የጃፓን ነገሥታት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። በዚያው ከተማ በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ተምሮ ከተመረቀ በኋላ፥ በ1965 ኒንቴንዶ ከሚባል ኩባንያ ገብቶ ተቀጠረ። ዛሬ ኒንቴንዶ ሲባል ሁላችንም የምናስበው የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ኩባንያው በ1889 ተቋቁሞ ሃናፉዳ የተባለውን፥ አበባ የተሣለበትን የጃፓን መጫወቻ ካርታ በመሥራት የታወቀ ነበር። የዮኮይም ሥራ ካርታ የሚሠሩትን መኪናዎች መጠበቅና ሲበላሹ መጠገን ሆነ። ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ለተመረቀ ወጣት ይህ የሚያኰራ ሥራ አልነበረም ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

መኪናዎቹ ደኅና በሚሠሩበት ቀን የሚጠግነው ነገር ስለማይኖር፥ ለራሱ መጫወቻ መሥራት ጀመረ። ከሠራቸው አንዱ፥ እጀታው ሲጨበጥ እንደ መቀስ የተጠላለፉት እንጨቶች ተዘርግተው ራቅ ያለ ዕቃ የሚይዙበት ሰው ሠራሽ እጅ ነበር። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማኡቺ ይህን አየ። ሌላ አለቃ ቢሆን በሥራ ሰዓት ትጫወታለህ ብሎ ባባረረው ነበር፤ ያማኡቺ ግን ለገበያ እንዲሆን አድርገህ ሥራው ብሎ አዘዘው። መጫወቻው በ1966 አልትራ ሃንድ ተብሎ ወጣና ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ዮኮይም ከዚያ ወዲያ ወደ ጥገናው አልተመለሰም።

ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት ብዙ መጫወቻዎችን ሠርቷል፤ ሁሉን መዘርዘር አንባቢን ማሰልቸት ስለሚሆን አንዱን ብቻ አነሣለሁ። የፀሐይ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ሶላር ሴል ሌሎች ሰዎች የሚያስቡት ኀይል ለማመንጨት ነበር። ዮኮይና ጓደኞቹ በ1970 ይህንኑ ዕቃ የመጫወቻ ጠመንጃ ዒላማ አደረጉት፤ ጠመንጃው ብርሃን ይተኵሳል፥ ዒላማው ላይ ያለው ሶላር ሴል ብርሃኑ ሲያርፍበት መመታቱን ያውቃል። የዮኮይ የሥራ ዘዴ በጠቅላላው ይህ ነበር። ገና ትናንት የወጣውንና ዋጋው የማይቀመሰውን ዕቃ አያሳድድም፤ ጠባዩ የታወቀውን፥ ዋጋው የረከሰውን፥ ሌላው ሰው አረጀ ብሎ የተወውን አንሥቶ ማንም ላላሰበው አገልግሎት ያውለዋል።

ባትሪን የመቈጠብ ነገር የተጀመረው በባቡር ላይ ነው። ዮኮይ አንድ ጊዜ በፈጣኑ የጃፓን ባቡር ሲጓዝ፥ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ጊዜው አልገፋ ብሎት የኪስ ሒሳብ ማሽን ቁልፎችን እየነካካ ሲጫወት አየ። በዚያ ወራት ሻርፕና ካሲዮ የተባሉት ኩባንያዎች በሒሳብ ማሽን ገበያ ብርቱ ፉክክር ይዘው ስለ ነበር፥ የማሽኑ ስክሪንና ፕሮሰሰር ዋጋቸው ወርዶ ነበር። ዮኮይ ሰው ሳያየው በኪሱ ይዞ የሚጫወትበት ጨዋታ ከነዚህ ርካሽ ዕቃዎች ሊሠራ እንደሚችል አሰበ። በ1980 ጌም ኤንድ ዎች የተባለው መሣሪያ ወጣ፤ ስሙ እንደሚያመለክተው ጨዋታም ሰዓትም ነበር። በ1982 ለአንደኛው ጨዋታ የሠራው የመስቀል ቅርጽ ያለው አቅጣጫ መምሪያ ቁልፍ ዛሬም በየጨዋታ መሣሪያው ላይ ይገኛል። የዚህ መሣሪያ ልዩ ልዩ ዓይነቶች በጠቅላላው ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ።

ለኔ ነገር የሚጠቅመው ግን ስክሪኑ ነው። ኤል ሲ ዲ የሚባለው ስክሪን በራሱ ብርሃን አይሰጥም። በሁለት መስተዋቶች መካከል ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ኤሌክትሪክ ሲነካው ብርሃንን ይከለክላል፥ ሲለቀው ያሳልፋል፤ ብርሃኑን የሚያገኘው ከፀሐይ ወይም ከክፍሉ መብራት ነው። በር የሚከፍትና የሚዘጋ ዘበኛ ሻማ ከሚያበራ ሰው ያነሰ እንደሚደክም ሁሉ፥ ይህ ስክሪንም የሚፈልገው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጌም ኤንድ ዎች እንደ ቁልፍ ትንንሽ በሆኑ የሰዓት ባትሪዎች ይሠራ ነበር።

የዮኮይ ትልቁ ሥራ በኤፕሪል 21 ቀን 1989 በጃፓን የወጣው ጌም ቦይ ነው። መሣሪያውን የሠራው ብቻውን አይደለም፤ ሳቶሩ ኦካዳ የተባለው መሐንዲስና ሌሎችም ብዙ ደክመውበታል። በዚያን ጊዜ ቀለም ያለው ስክሪን መሥራት ይቻል ነበር። ዮኮይ ግን አውቆ ተወው። የመረጠው አረንጓዴ መሰል መልክ ያለው፥ ከደማቅ እስከ ፈዛዛ አራት ደረጃ ብቻ የሚያሳይ፥ ከኋላው መብራት የሌለው ስክሪን ነበር። ለዚህ የሰጠው ምክንያት ደስ ይለኛል፤ አንድ ሰው ያለ ቀለም ከበረዶ የተሠራ ሰው ቢሥል፥ የሚያየው ሁሉ በረዶው ነጭ መሆኑን በሐሳቡ ይሞላዋል፤ ጨዋታም እንዲሁ ነው ይል ነበር።

ተወዳዳሪዎቹ ግን ሌላ መንገድ ያዙ። በዚያው በ1989 የወጣው አታሪ ሊንክስና በ1990 የወጣው የሴጋ ጌም ጊር ስክሪናቸው ባለ ቀለም ነበር። ባለ ቀለም ስክሪን የሚያሳልፈው ብርሃን ጥቂት ስለ ሆነ ከኋላው መብራት ያስፈልገዋል፤ በነዚህ መሣሪያዎች ውስጥም በየቢሮው ጣራ ላይ እንደምናየው ዓይነት ትንሽ የፍሎረሰንት መብራት ነበረ። ያ መብራት ነው ድንጋዩን የሚበላው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ሊወጣ መሆኑን ለዮኮይ በነገሩት ጊዜ፥ ስክሪኑ ባለ ቀለም እንደ ሆነ ጠይቆ፥ አዎን ቢሉት እንግዲያው የሚያሰጋን ነገር የለም ብሎ ተረጋጋ ይባላል።

እስቲ እንደ ሒሳብ ክፍል እናስላው። ጌም ቦይ በ4 ተራ የባትሪ ድንጋዮች 15 ሰዓት ያህል፥ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይሠራል። ጌም ጊር 6 ድንጋይ ይጐርስና ከ3 እስከ 5 ሰዓት ቈይቶ ይጠፋል። አንድ ልጅ በዕረፍት ወራት 60 ሰዓት ቢጫወት፥ ጌም ቦይ ካለው 16 ድንጋይ ይበቃዋል፤ ጌም ጊር ካለው ግን፥ አማካዩን 4 ሰዓት ብንወስድ፥ 90 ድንጋይ ይፈልጋል። ይህን ሒሳብ ያየ ወላጅ የትኛውን እንደሚገዛ መናገር አያስፈልገኝም። መሣሪያው ራሱም ቢሆን ርካሽ ነበር፤ በአሜሪካ ጌም ቦይ 90 ዶላር ያህል ሲሸጥ ሊንክስ 180 ዶላር ያህል ነበር።

ቍጠባው በስክሪኑ ብቻ አላበቃም። የጌም ቦይ ፕሮሰሰር እንዲያርፍ የሚታዘዝበት ልዩ ትእዛዝ ተሰጥቶታል። ስክሪኑ ሥዕሉን በሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል ያድሳል፤ ፕሮሰሰሩ የአንዱን ሥዕል ሥራ ቀድሞ ከጨረሰ በከንቱ ከሚሽከረከር ይልቅ የሚቀጥለው እስኪደርስ ድረስ ይተኛል። እንቅልፉ ከሴኮንድ እጅግ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በየሴኮንዱ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ድንጋዩን ያቈየዋል። ጨዋታ የሚጽፉ ሰዎችም በዚህ ትእዛዝ እንዲጠቀሙ ይመከሩ ነበር።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ጥቂት ወጣ ልበል። በአገራችን ያለቀ የራዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት የቈየ ልማድ ነው። ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ኬሚካል ስለሚያነቃቃው ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ የሄደውን ኀይል ግን አይመልስለትም። ዛሬ በያዝናቸው መሣሪያዎች ያለው የሊትየም ባትሪ ደግሞ ሙቀት ጠላቱ ስለ ሆነ፥ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ጥፋት ነው። ለነዚህ የሚበጀው የዮኮይ ዘዴ ነው፤ ከሁሉ በፊት የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ፥ ቀጥሎ የማያስፈልገውን የሬዲዮ ግንኙነት መዝጋት። በ2003 የወጣው ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስ ፒ መብራቱ ሲበራ 10 ሰዓት፥ ሲጠፋ 18 ሰዓት ያህል ይሠራ ነበር፤ አንዲት ቁልፍ በመጫን 8 ሰዓት ይገኛል። እንዲሁም በ2017 የወጣው የኒንቴንዶ ስዊች ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ሲሠራ፥ በ2019 በተሻሻለ ጊዜ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ደረሰ። ባትሪው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኀይል የሚበላው ፕሮሰሰር ነው።

ወደ ዮኮይ እንመለስ። ጌም ቦይ በአሜሪካ ቴትሪስ ከተባለው ጨዋታ ጋር አብሮ ተሸጠ፤ ቴትሪስ ቀለም የማያስፈልገው ጨዋታ ስለ ሆነ ለዚህ ስክሪን የተፈጠረ ይመስል ነበር። ከቀለም ካለው ወንድሙ ጋር ሲቈጠር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ሊንክስና ጌም ጊር በዚህ ቍጥር አጠገብ አልደረሱም።

ሰው ሁልጊዜ አይቀናውም። በ1995 ዮኮይ ቨርቹዋል ቦይ የሚባል፥ ዐይንን አስጠግተው የሚያዩበት፥ ሥዕሉ ጥልቀት ያለው ሆኖ የሚታይበት መሣሪያ አወጣ። እዚህም ቢሆን ርካሽነትንና የኀይል ቍጠባን አስቦ ቀይ መብራት ብቻ ተጠቀመ። ነገር ግን ቀዩ በጥቁር ላይ ዐይን ያደክማል ተባለ፤ መሣሪያው በጠረጴዛ ላይ የሚቆም ስለ ሆነም በኪስ የሚያዝ አልሆነም። ከ800,000 በታች ተሸጦ፥ አንድ ዓመት ያህል እንደ ቈየ ሥራው ቆመ። በእኔ አስተያየት ዘዴው ራሱ አልከዳውም። በጌም ቦይ የቀረው ቀለም በተጫዋቹ ሐሳብ ይሞላ ነበር፤ የደከመ ዐይን ግን በሐሳብ አይሞላም።

በ1996 ድንጋዩ ወደ 2 ትንንሽ ባትሪዎች የወረደለት ቀጭኑ ጌም ቦይ ፖኬት ወጣ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ዮኮይ ከ31 ዓመት አገልግሎት በኋላ ኒንቴንዶን ለቀቀ። በቨርቹዋል ቦይ ምክንያት ተባረረ የሚሉ አሉ፤ ራሱን ችሎ ለመሥራት ቀድሞም አስቦበት ነበር የሚሉም አሉ፤ እኔ የሁለተኛውን አምናለሁ፤ ምክንያቱም የተባረረና የተዋረደ ሰው ወዲያው ኮቶ የተባለ የራሱን ትንሽ ድርጅት አቋቁሞ አዲስ የጨዋታ መሣሪያ ሲነድፍ አይገኝም።

ያንን መሣሪያ ግን ተጠናቆ አላየውም። በኦክቶበር 4 ቀን 1997 በኢሺካዋ አውራጃ በሆኩሪኩ የፍጥነት መንገድ ላይ ሲጓዝ፥ የተሳፈረበት መኪና ከሌላ መኪና ጋር ተጋጨ። ዮኮይ የደረሰውን ጕዳት ለማየት ከመኪናው ወርዶ ሳለ ሌላ መኪና መጥቶ ገጨው። ሲሞት ዕድሜው 56 ነበር። በ2003 ዓለም አቀፉ የጨዋታ ሠሪዎች ማኅበር ለዕድሜ ልክ ሥራው ሽልማት ሰጠው።

የጀመረው መሣሪያ ዋንደርስዋን ተብሎ በማርች 1999 ባንዳይ በተባለው ኩባንያ ስም በጃፓን ወጣ። ከጌም ቦይ የፈጠነ ፕሮሰሰር ነበረው፤ ስክሪኑ እንደ ልማዱ ቀለምም የኋላ መብራትም የለውም። አብሮትም ዮኮይ ራሱ ያሰበው መስመሮችን የማገናኘት ጨዋታ ወጣ፤ ለመታሰቢያው በስሙ ጉንፔይ ብለው ሰየሙት። መሣሪያው የሚፈልገው የባትሪ ድንጋይ አንድ ብቻ ነበር፤ በዚያም በአንዱ 30 ሰዓት ያህል ይሠራ ነበር።