ጆሴፍ ዊትዎርዝና የቧንቧ ጥርስ

ጆሴፍ ዊትዎርዝ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1803 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ስቶክፖርት በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ መምህር ነበር። በ14 ዓመቱ በአጎቱ የጥጥ ፋብሪካ ሥራ እንዲማር ቢላክም፣ ልቡ ከጥጡ ይልቅ ወደ መኪናው ያዘነብል ስለ ነበር ወደ ማንቸስተር ሄዶ የመካኒክነት ሥራ ያዘ። ከዚያም በለንደን ሄንሪ ሞድስሌይ ከተባለው ስመ ጥር ባለሙያ ዘንድ ሠርቶ፣ በ1833 ዓ.ም. በማንቸስተር የራሱን የመሣሪያ ፋብሪካ አቋቋመ።

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ፋብሪካ የቡሎን ጥርስ የሚያወጣው በራሱ ልክ ነበር። የአንዱ ቡሎን ለሌላው ዳዶ አይሆንም፤ ቡሎን የጠፋበት ሰው መኪናውን አቁሞ የሠሪውን ደጅ ይጠና ነበር። ዊትዎርዝ ከብዙ ፋብሪካዎች ቡሎን ሰብስቦ ለካ፤ አማካዩንም አውጥቶ በ1841 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መሐንዲሶች አንድ ወጥ ልክ አቀረበ። የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነበር። የባቡር ኩባንያዎችም ተቀበሉት።

ይህ ጥርስ ኋላ ለቧንቧም ዋለ። የቧንቧ ጥርስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውፍረቱ የማይለወጥ ቀጥተኛ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ16 ኢንች ርዝመት 1 ኢንች በሚሆን ልክ እየቀጠነ የሚሄድ ሾጣጣ ነው። ሾጣጣው ሲጠብቅ ጥርስ ከጥርስ ይጣበቃል፤ ቃጫ ወይም የቴፍሎን ጥቅልል ሲጨመርበትም ያሽጋል። ቀጥተኛው ግን ይይዛል እንጂ አያሽግም፤ ውኃውን የሚከለክለው በፊቱ ላይ የሚቀመጠው የጎማ ቀለበት ነው።

ስለዚህ ሾጣጣ ወንዴ በቀጥተኛ ሴቴ ውስጥ በቃጫ ተጠምጥሞ ለቤት ውኃ ሊያገለግል ይችላል፤ ከልክ በላይ ቢጠብቅ ግን እንደ ሽብልቅ ሆኖ ሴቴውን ይሰነጥቃል። ቀጥተኛ ወንዴ በሾጣጣ ሴቴ ውስጥ መግባት የለበትም፤ የሚነካካው ጥቂት ጥርስ ብቻ ነውና ያፈሳል። የአሜሪካው ሾጣጣ ደግሞ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ነው። በግማሽ ኢንች ቧንቧ ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው የተስማሙ መስለው ይገጥማሉ፤ ዳሩ ግን ጥርሳቸው አይተቃቀፍም። እንፋሎት ወይም ጋዝ በሚያልፍበት ቧንቧ እንዲህ ያለው ስሕተት የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ዊትዎርዝ በ1868 ዓ.ም. ለወጣት መካኒኮች ትምህርት በየዓመቱ 3,000 ፓውንድ መደበ። በ1887 ዓ.ም. በሞንቴ ካርሎ ዐረፈ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መፍቻ ከማንሣታችን በፊት ጥርሱን እንቍጠር፤ ማዕዘኑንም እንለካ። ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለምና።