ፋይናንስ ሳይማር የፋይናንስን ሙያ የሠራው ሰው፦ ቤንጃሚን ግራሃም

በምርቃት ሰሞን በውስጥ መስመር የሚደርሰን ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቆ ባንክ መስኮት ላይ ብር ከመቁጠር ሌላ ምን ሥራ አለ? ጥያቄው እውነት አለው፤ ብዙ ተመራቂ ከዚያ ውጪ ያለውን መንገድ የሚያሳየው ሰው አላገኘም። እኛም የሥራ ዓይነት ከመደርደር ይልቅ ዛሬ የአንድ ሰው ሕይወት ብንነግራችሁ ይሻላል ብለናል። ዋረን በፌትን ታውቁታላችሁ። ይሄኛው የእሱ አስተማሪ ነው። (ከአንድ ቦታ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤን በ1894 ለንደን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ያኔ የቤተሰቡ ስም ግሮስባውም ነበር፤ ግራሃም ያሉት በኋላ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰሞን ነው። ጨቅላ ሳለ ወደ ኒውዮርክ ሄዱ። አባቱ የሸክላና የጌጣጌጥ ዕቃ አስመጪ ስለነበር ኑሯቸው ደህና ነበር። በ1903 ግን አባትየው በ35 ዓመቱ ሞተና እናቱ ዶሮቲ ሦስት ወንዶች ልጆች ይዛ ቀረች። ቤቷ ውስጥ ክፍል እያከራየች ለመኖር ሞከረች፣ አልሆነላትም። የቀራትን ይዛ ደግሞ ከደላላ እየተበደረች አክሲዮን ገዛች።

በብድር አክሲዮን መግዛት እንዴት እንደሚበላ እዚህ ጋ ልብ በሉ። 100 ብር የሚያወጣ አክሲዮን በ30 ብር የራስህና በ70 ብር ብድር ገዛህ እንበል። ዋጋው 70 ሲደርስ ያንተ ገንዘብ ዜሮ ሆኗል፤ ደላላው የራሱን ለማዳን ከዚያም በፊት ይሸጥብሃል። በኋላ ዋጋው ቢመለስ እንኳን አንተ ከጨዋታው ወጥተሃል። በ1907 የኒውዮርክ ገበያ ሲናወጥ ዶሮቲ የደረሰባት ይሄው ነው። ቤን ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። እናቱ የጻፈችውን ቼክ ሊመነዝር ባንክ ሲሄድ፣ ገንዘብ ከፋዩ ሴትየዋ ለ5 ዶላር ትታመናለች ወይ ብሎ ባልደረባውን ሲጠይቅ ሰማ። ያቺን ቀን እስከ እርጅናው አልረሳትም።

ትምህርት ላይ ጎበዝ ነበር። ግን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነፃ ትምህርት ዕድል መጀመሪያ አለፈው። ምክንያቱ በኋላ ሲታወቅ በጣም የሚያናድድ ነው፦ ቢሮው የእሱን ፋይል ቀድሞ እዚያ ከሚማር የአጎቱ ልጅ ፋይል ጋር ቀላቅሎት ነበር። ቤን ያንን ጊዜ በጉልበት ሥራ አሳለፈ። ስህተቱ ሲታረም ገባ፣ እየሠራም ተማረ፣ በ1914 ከክፍሉ ሁለተኛ ሆኖ ተመረቀ። ዕድሜው 20 ነው። ሦስት የትምህርት ክፍሎች፣ እንግሊዝኛ፣ ፍልስፍናና ሒሳብ፣ ለአስተማሪነት ፈለጉት። ኢኮኖሚክስ ግን? አንድ ኮርስ ጀምሮ ሳምንታት ሳይቆይ አቋርጦታል። ስለ ፋይናንስ የተማረው ምንም የለም ማለት ይቻላል።

ቤት ውስጥ ግን ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። የኮሌጁ ዲን ዎል ስትሪት ላይ ካለ የደላላ ድርጅት ጋር አገናኘው። ደሞዙ በሳምንት 12 ዶላር፣ ሥራው መላላክ። ሰነድ ያደርሳል፣ ቼክ ያመላልሳል፣ ሰሌዳ ላይ ዋጋ ይጽፋል። ሦስት ዲፓርትመንት የፈለገው ልጅ ተላላኪ ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬ በዚህ ቦታ ያለ ተመራቂ በሁለተኛው ሳምንት ሲቪውን ሌላ ቦታ ማስገባት ቢጀምር አንፈርድበትም።

ቀጥሎ ቦንድ ክፍል ገባ። ቦንድ ያው ብድር ነው፤ ድርጅቱ ከሕዝብ ይበደራል፣ ወለድ ይከፍላል። የቤን ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ይሄ ተበዳሪ መክፈል ይችላል? ለዚህም የባቡር ኩባንያዎችን ዓመታዊ ሪፖርት ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ጀመረ። ሚዙሪ ፓሲፊክ ስለሚባለው የባቡር ድርጅት የጻፈው ትንታኔ፣ ቦንዱ እንደሚወራለት አስተማማኝ እንዳልሆነ አሳየ። ጽሑፉን ያየ ሌላ የደላላ ድርጅት ሊወስደው ፈለገ፤ የራሱ አለቆች ደሞዝ ጨምረው አስቀሩት። በዚያ ዘመን ይሄን ሥራ የሚሠራ ሰው ስታቲስቲሺያን ነበር የሚባለው፤ ከኋላ ክፍል ተቀምጦ ቁጥር የሚለቅም፣ ብዙም የማይከበር ሰው። ዛሬ ፋይናንሻል አናሊስት የምንለው ሙያ ከዚያ የኋላ ክፍል ነው የወጣው።

በ1915 ጉገንሃይም የሚባል የማዕድን ኩባንያ ሊፈርስ መሆኑን አስታወቀ። ኩባንያው የሌሎች የመዳብ ድርጅቶችን አክሲዮን ይዟል። ቤን እነዚያን በየዋጋቸው ደመራቸው፤ ለአንድ የጉገንሃይም አክሲዮን 76 ዶላር ከምናምን ይደርሳል። ገበያ ላይ የሚሸጠው ግን 69 ዶላር አካባቢ። ልዩነቱ ሰባት ዶላር ገደማ፣ ማንም ደምሮ ሊያገኘው የሚችል። ሚስጥር የለውም፣ የውስጥ ወሬ የለውም። መደመር ነው በቃ።

እኛ ከሕይወቱ ሁሉ የምንወደው ግን የቧንቧውን ታሪክ ነው።

በ1911 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሮክፌለርን ግዙፍ የነዳጅ ድርጅት በታተነው። ከተበታተኑት መካከል ድፍድፍ ነዳጅ የሚያስተላልፉ የቧንቧ ድርጅቶች ነበሩ። ስለ እነሱ ሂሳብ ለሕዝብ የሚወጣው መረጃ ጥቂት ነው። ቤን በ1926 ስለ ባቡር ድርጅቶች የመንግሥት ሪፖርት ሲያነብ፣ የቧንቧ ድርጅቶቹም ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዝርዝር ሪፖርት እንደሚያስገቡ አየ። ባቡር ተሳፍሮ ዋሽንግተን ወረደ፤ ፋይሎቹን አስወጥቶ ማንበብ ጀመረ። ኖርዘርን ፓይፕ ላይን ለአንድ አክሲዮን ሲካፈል ወደ 95 ዶላር የሚሆን፣ ለሥራው የማያስፈልገው ቦንድና መሰል ሀብት ታቅፎ ተቀምጧል። አክሲዮኑ ግን በ65 ዶላር ይሸጣል! ያውም ዓመታዊ የትርፍ ድርሻ እየከፈለ።

ቀስ እያለ 2,000 አክሲዮን ገዛ፤ የድርጅቱ 5 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚያ አለቆቹ ቢሮ ሄዶ ትርፉን ገንዘብ ለባለቤቶቹ አከፋፍሉ አላቸው። እነሱም የቧንቧ ሥራ ለአንተ አይገባህም፣ ካልወደድከው ሽጠህ ሂድ በሚል መንፈስ ሸኙት። በጥር 1927 ጠቅላላ ጉባኤው ሲጠራ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኦይል ሲቲ የምትባል ራቅ ያለች ከተማ ድረስ ሄደ። አዳራሹ ውስጥ ከሠራተኞቹ ሌላ የተገኘ ባለአክሲዮን እሱ ብቻ ነበር። ሐሳብ ሊያቀርብ ሲነሳ የሚደግፍህ ሰው አለ ወይ ተባለ። የለም። ስብሰባው በደቂቃዎች ተዘጋ፤ ቤንም ቀይ ፊቱን ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያ።

ዓመቱን ሙሉ ባለአክሲዮኖችን አንድ በአንድ እያነጋገረ ውክልና ሰበሰበ። በጥር 1928 ሲመለስ ጠበቃ ይዞ፣ ውክልናውን ቆጥሮ ነበር። ከአምስቱ የቦርድ ወንበር ሁለቱን አገኘ። ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ ራሱ ገንዘቡን ለማከፋፈል ተስማማ፤ በጠቅላላው ለአንድ አክሲዮን 70 ዶላር ተከፈለ። ባለአክሲዮኖቹ ከገበያው ዋጋ የሚበልጥ ገንዘብ ተቀብለው አክሲዮናቸው ገና በእጃቸው ነው።

በዚህ ጊዜ ቤን የራሱን የኢንቨስትመንት ሂሳብ ከፍቷል። በ1926 በ450,000 ዶላር የጀመረው ሂሳብ በ1929 መግቢያ ወደ 2 ሚሊዮን ተኩል አድጎ ነበር። በዚያው ሰሞን ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክን የሚያይ ውድ ቤት ተከራየ። ከዚያ ያ የታወቀው የ1929 ውድቀት መጣ። የመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ 20 በመቶ ስለነበር ተረፍን አለ። በ1930 ግማሹ ሄደ። እስከ 1932 ድረስ ከመቶ 70ው ጠፋ።

ለምን? አንዱ ምክንያት ብድር ነው። ከደላላ ተበድሮ ገዝቷል፤ እናቱ ያደረገችውን ራሱ አድርጎታል። ስለ እሱ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ይሄን ያልፉታል፤ እኛ ማለፍ አልፈለግንም።

ከደንበኞቹ ጋር የነበረው ውል ደሞዝ አይሰጠውም፤ የሚያገኘው ከትርፍ ነው፣ ኪሳራ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ኪሳራው መሸፈን አለበት። ስለዚህ እሱና ሸሪኩ ጄሮም ኒውማን ለአምስት ዓመት ያህል ከሂሳቡ አምስት ሳንቲም ሳያገኙ ሠሩ። ሂሳቡ ሊዘጋ ሲል የኒውማን አማት ገንዘብ ጨምረው አቆዩት። ያንን ውድ ቤት ለቀቁ፣ ሚስቱ ሄዘል ወደ ዳንስ አስተማሪነቷ ተመለሰች። ቤን እያስተማረ፣ እየጻፈ፣ የድርጅት ዋጋ ክርክር ያለበት ፍርድ ቤት በባለሙያ ምስክርነት እየቀረበ ቤተሰቡን ያዘ። በ1935 መጨረሻ የደንበኞቹ ኪሳራ ተመለሰ።

የማስተማሩ ነገር ታሪክ አለው። ከ1928 ጀምሮ በኮሎምቢያ የማታ ኮርስ ይሰጥ ነበር። ዴቪድ ዶድ የተባለ ወጣት መምህር ማስታወሻ ይይዝለታል። ያ ማስታወሻ በ1934 «ሴኪዩሪቲ አናሊሲስ» የሚል ወፍራም መጽሐፍ ሆነ፤ ማለትም ብዙ ሰው አክሲዮን የሚለውን ቃል መስማት በጠላበት ዘመን። የመጽሐፉ ሐሳብ ሲጨመቅ፦ አክሲዮን ማለት የእውነተኛ ድርጅት ቁራሽ ነው፤ ሂሳቡን አንብበህ ዋጋውን ገምት፤ ከዚያ ብትሳሳት እንኳን የማትጎዳበት ያህል ርካሽ ሲሆን ብቻ ግዛ። በነገራችን ላይ በዚያው ዓመት ለብሮድዌይ ቲያትር ጽፎ ነበር። አራት ጊዜ ታይቶ ተዘጋ።

ከዚያ ደግሞ ለሙያው ወረቀት ጠየቀ። ሐኪም ፈቃድ አለው፣ የሂሳብ አዋቂ ፈተና አለው፣ የሰው ገንዘብ የት ይግባ ብሎ የሚመክረው አናሊስት ለምን የለውም? ይሄን በ1942 ለኒውዮርክ አናሊስቶች ማኅበር አቀረበ። ባልደረቦቹ ብዙዎቹ አልወደዱትም፤ ፈተና ማን ይወዳል? 21 ዓመት ፈጀ። በ1963 የመጀመሪያው ፈተና ሲሰጥ 284 ሰዎች ተቀመጡ። ዛሬ ሲኤፍኤ እያላችሁ የምትጠይቁን ፈተና ይሄ ነው። እኛም አገር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ወጋገን ባንክን የመጀመሪያው አድርጎ ሥራ ሲጀምር፣ የኢንቨስትመንት አማካሪም ሆነ ደላላ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳያወጣ መሥራት አይችልም ተብሏል። የቤን የቆየ ክርክር መሆኑ ነው።

በ1948 ድርጅቱ የጋይኮን፣ ማለትም የመኪና ኢንሹራንስ ኩባንያውን፣ ግማሽ በ700,000 ዶላር ገደማ ገዛ። ይሄ ከፈንዱ ሩብ የሚሆን ነው፤ ሁሌ ገንዘባችሁን በትኑ የሚለው ሰው የራሱን ሕግ ጣሰ። የሚገርመው፣ ከዚያ አንድ ግዢ የተገኘው ትርፍ ዕድሜ ልኩን በጥንቃቄ ከሠራቸው ከሌሎቹ ሁሉ በለጠ። ራሱም ይሄን አልደበቀም።

በፌት በ1951 ተመርቆ በነፃ ልሥራልህ ሲለው እንቢ አለው። የዎል ስትሪት ትልልቅ ቤቶች አይሁዶችን አይቀጥሩም ነበርና፣ ቤን ያሉትን ጥቂት ቦታዎች ለእነሱ ያቆይ ነበር። በ1954 ግን ሐሳቡን ቀይሮ ቀጠረው። በ1956 ድርጅቱን ዘግቶ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ እዚያም ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በስተርጅና ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ አንድ ልቦለድ ተረጎመ፤ በ20 ዓመቱ የእንግሊዝኛ ክፍል መምህርነትን ትቶ ለ12 ዶላር ተላላኪ የሆነው ልጅ። በመስከረም 1976 ፈረንሳይ ውስጥ በ82 ዓመቱ አረፈ።