ቤኔዲክቶ ኪዋኑካ፦ ከፍርድ ቤት ተወስደው የቀሩት የኡጋንዳ ዋና ዳኛ

መስከረም 11 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 21 ቀን 1972፣ የታጠቁ ሰዎች ወደ ካምፓላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዘልቀው የኡጋንዳን ዋና ዳኛ ቤኔዲክቶ ኪዋኑካን ከቢሯቸው ወሰዷቸው። ዋና ዳኛው ወደ ቤታቸውም ሆነ ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ኪዋኑካ የተወለዱት በ1922 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በማሳካ አካባቢ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ጦር ውስጥ አገልግለዋል። ከጦርነቱ በኋላ በካምፓላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት ሠሩ። ቀጥሎም በዛሬዋ ሌሶቶ፣ ከዚያም በለንደን ተምረው በ1956 በጥብቅና ሙያ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በ1958 የዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪ ሆኑ። ፓርቲያቸው በ1961 ምርጫ በማሸነፉ በ1962 መጀመሪያ የኡጋንዳ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቁ። ሆኖም በዚያው ዓመት ሚያዝያ በተካሄደው ምርጫ ተሸነፉ፤ አገሪቱን ወደ ነጻነት የመሯት ተቀናቃኛቸው ሚልተን ኦቦቴ ነበሩ።

የኦቦቴ መንግሥት በ1969 አሰራቸው። ኢዲ አሚን በጥር 1971 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዙ ከእስር ተፈቱ፤ በዚያው ዓመት አጋማሽም ዋና ዳኛ ሆነው ተሾሙ። በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያው ኡጋንዳዊ ነበሩ።

ያን ጊዜ የኡጋንዳ ፍትሕ በአገሪቱ ድንበር ብቻ የሚያበቃ አልነበረም። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በሰኔ 1967 እዚያው ካምፓላ በፈረሙት ስምምነት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን መሥርተው ነበር። የጋራው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ከሦስቱም አገሮች የሚመጡ ይግባኞችን ይመለከት ነበር። ካምፓላ ላይ የተፈረደበት ሰው ጉዳዩ ከአገሩ ውጭ በመጡ ዳኞች ጭምር እንዲታይለት ማድረግ ይችል ነበር።

ነገር ግን ይግባኝ የሚጀምረው ከአገር ውስጥ ችሎት ነው። በመስከረም 1972 ኪዋኑካ በወታደሮች ተይዞ የነበረ አንድ የእንግሊዝ ዜጋ ባቀረበው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ላይ ሰውየው እንዲለቀቅ ወሰኑ፤ ወታደሮች ሲቪሎችን የማሰር ሥልጣን እንደሌላቸውም አስረግጠው ተናገሩ። ብዙም ሳይቆይ እሳቸው ራሳቸው ተወሰዱ። ዋና ዳኛው ከፍርድ ቤት ሲጠለፉ ስምምነቱ የዘረጋው የይግባኝ መንገድ ከመነሻው ተቆረጠ። ለዋና ዳኛው ቤተሰብ በቀጥታ አቤት የሚባልበት የጋራ ፍርድ ቤት አልነበረም። ማኅበረሰቡም በ1977 ፈረሰ።

ሦስቱ አገሮች በኅዳር 1999 በአሩሻ አዲስ ስምምነት ፈረሙ። ይህኛው ቀድሞ ያልነበረ በር ከፈተ፦ የመንግሥት ድርጊት ስምምነቱን ይጥሳል የሚል በአባል አገር ነዋሪ የሆነ ማንኛውም ሰው መቀመጫው አሩሻ ለሆነው የምሥራቅ አፍሪካ ፍርድ ቤት በቀጥታ ማመልከት ይችላል። የአገሩን ፍርድ ቤቶች ደረጃ በደረጃ እንዲጨርስም አይገደድም። ኢትዮጵያ የማኅበረሰቡ አባል ባትሆንም፣ መስፈርቱ ዜግነት ሳይሆን ነዋሪነት በመሆኑ በካምፓላ የሚኖር ኢትዮጵያዊም በዚህ በር መግባት ይችላል።

በሩ ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። በኅዳር 2005 የካምፓላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአገር ክህደት ለተከሰሱ ሰዎች ዋስትና ሲፈቅድ የታጠቁ ኃይሎች ግቢውን ከበቡ፤ ተከሳሾቹም ወደ እስር ቤት ተመለሱ። ጉዳዩ አሩሻ ደረሰ። የጋራው ፍርድ ቤት በኅዳር 2007 ኡጋንዳ በስምምነቱ የገባችውን የሕግ የበላይነት ግዴታ ጥሳለች ሲል ፈረደ። በ1972 ዋና ዳኛው በተወሰዱበት ፍርድ ቤት የተፈጸመ ድርጊት በዚህ ጊዜ ድንበር ተሻግሮ ዳኛ አገኘ።

በሩ ግን ጠባብ ነው። በኋላ በተደረገ ማሻሻያ አመልካቹ ድርጊቱ በተፈጸመ ወይም ባወቀ በ2 ወር ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ይቀርበታል። ፍርዱን የሚፈጽሙትም አባል አገሮቹ ራሳቸው ናቸው።

የኡጋንዳ የፍትሕ አካል ከ2018 ወዲህ ኪዋኑካን በስማቸው በተሰየመ ዓመታዊ ንግግር ያስባል። ዳኞችና ጠበቆች የሚሰበሰቡት እሳቸው ለመጨረሻ ጊዜ ወንበራቸው ላይ በታዩበት በዚያው ፍርድ ቤት ነው።