ሌዎንሃርድ ኦይለርና የመተካት ጥበብ

ሌዎንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 1707 በስዊዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ስለ ነበር ልጁ የእርሱን ፈለግ እንዲከተል ይሻ ነበር። ሆኖም በባዝል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዮሐን በርኑሊ የወጣቱን ተሰጥዎ ተረድቶ አባትየውን ስላግባባ፣ ኦይለር በሒሳብ ሊገፋ ቻለ። በ1727 ወደ ሩሲያ ተጉዞ በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ሥራ ጀመረ፤ በ1741 ወደ በርሊን ተዛወረ፤ በ1766 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሰ።

ከእርሱ በፊት ሎጋሪዝም በአብዛኛው የስሌት ማቃለያ ሠንጠረዥ ሆኖ ይታይ ነበር። በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ኦይለር ኤክስፖኔንሻል ፋንክሽንን አስቀድሞ፣ ሎጋሪዝምን የእርሱ ተገላቢጦሽ አድርጎ አቀረበ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ትምህርት በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

የዚህን አመለካከት ጥቅም በአንድ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። 4 ወደ ሀ ኃይል ከፍ ካለው ላይ፣ 2 ወደ ሀ ኃይል ከፍ ያለው እጥፉ ሲቀነስ 8 ይቀራል ቢባል፣ ያልታወቀው መጠን በኤክስፖኔንትነት ተሰቅሎ ስለሚገኝ እኩልዮሹ ላይ ላዩን ሲታይ ያስቸግራል። ነገር ግን 4 የ2 ካሬ ነው፤ ስለዚህ 2 ወደ ሀ ኃይል ከፍ ያለው በለ ቢተካ፣ እኩልዮሹ ለ² − 2ለ − 8 = 0 ይሆናል። ሥሮቹም 4 እና −2 ናቸው። 2 ወደ ማናቸውም ሪያል ቁጥር ኃይል ከፍ ቢል ከዜሮ በታች ስለማይወርድ ሁለተኛው ሥር ይወድቃል፤ ከመጀመሪያው ሀ = 2 ይገኛል። ተተኪው ፊደል የራሱን ወሰን ይዞ እንደሚመጣ የዘነጋ ሠሪ የሌለ መልስ ይዞ ይቀራል።

ኦይለር ይህን የመተካት ዘዴ ወደ ላቀ ደረጃ አደረሰው። በ1739 ለቀድሞ መምህሩ ለበርኑሊ በደብዳቤ አስታውቆ፣ በ1743 ባሳተመው ጥናት ቋሚ ኮኤፊሸንት ላላቸው ሊኒየር ዲፈረንሻል እኩልዮሾች ኤክስፖኔንሻል ፋንክሽንን በመልስነት ተካ። ይህ ፋንክሽን ዴሪቫቲቩ ስንት ጊዜም ቢወሰድ በቋሚ ቁጥር ተባዝቶ ያው ራሱ ስለሚመለስ፣ ከሁሉም የጋራ ሆኖ ይወጣና ፖሊኖሚያል ብቻ ይቀራል። በሞላ የተያዘና ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ኃይል የሚገታው ክብደት የሚያሳየው ጠባይ ከዚያ ፖሊኖሚያል ሥሮች ይነበባል፦ ሥሮቹ ሪያል ከሆኑ ክብደቱ ሳይርገበገብ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል፤ ኮምፕሌክስ ከሆኑ እየተርገበገበ ይበርዳል።

በ1744 ደግሞ ቀጭን ዓምድ በምን ያህል ጭነት እንደሚጎብጥ መረመረ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ የዓምዱ ቁመት እጥፍ ቢሆን፣ ሳይጎብጥ የሚሸከመው ጭነት ወደ ሩብ ይወርዳል።

ኑሮው ግን የተደላደለ አልነበረም። ከ13 ልጆቹ ለአካለ መጠን የደረሱት 5 ብቻ ነበሩ። የቀኝ ዓይኑ ብርሃን በ1738 ገደማ ጠፋ፤ ኋላም ግራው በሞራ ተሸፈነ። በ1771 የተደረገለት ቀዶ ሕክምና ለጥቂት ጊዜ ብርሃን ቢሰጠውም መልሶ ታወረ፤ በዚያው ዓመት ቤቱ በእሳት ተቃጠለ። ሥራው ግን አልተቋረጠም። ረጅሙን ስሌት በአእምሮው እየሠራ ረዳቶቹን በቃል ያስጽፍ ነበር፤ በ1768 በሩሲያኛ መታተም የጀመረው የአልጀብራ መጽሐፉም በዚሁ መንገድ የተዘጋጀ ነው።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 1783 አዲስ ስለ ተገኘው ፕላኔት ስለ ዩራነስ ምሕዋር ሲወያይ ውሎ፣ በአንጎል ውስጥ ደም ፈስሶበት በ76 ዓመቱ ዐረፈ። አካዳሚው ሳይታተሙ የቀሩትን ጽሑፎቹን ከሞቱ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሲያወጣ ኖረ። የዓምድን ጽናት ወይም የማሽንን ንዝረት የሚያሰላ መሐንዲስ ዛሬም የሚሄደው እርሱ በጠረገው መንገድ ነው።