ከሌባ ሻይ እስከ ግራዋ፤ የልጅ ኢያሱ ሕይወት

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚወስደው መንገድ ዛሬ የጂቡቲ ወደብ ጭነት የሚመላለስበት ጎዳና ነው። በየኬላው ፍተሻ አለ፤ የተጠረጠረ ይያዛል፤ የምስክር ቃል በጽሑፍ ይሰፍራል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ይኸው ቆላ የመንግሥት እጅ በቀላሉ የማይደርስበት ምድር ነበር። ስለዚህም መንግሥት አጥብቆ ይፈልጋቸው የነበሩ አንድ ሰው ለአራት ዓመታት ያህል ተሰውረውበታል። ተፈላጊው ተራ ሽፍታ አልነበሩም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የከተማ ፖሊስ ያቋቋሙት፣ የጥንቱን የሌባ ፍለጋ ሥርዓት ለማሻሻል የሞከሩት ልጅ ኢያሱ ነበሩ።

ልጅ ኢያሱ የአፄ ምኒልክ ልጅ የወይዘሮ ሸዋረጋና የወሎው ገዥ የራስ ሚካኤል ልጅ ናቸው። አያታቸው በሕመም ሲዳከሙ በግንቦት 1901 ዓ.ም. ወራሽነታቸው በአዋጅ ተነገረ። ያን ጊዜ ገና ለጋ ወጣት ስለ ነበሩ ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆኑላቸው። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ወጣቱ ሥልጣኑን በእጃቸው አደረጉ። አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ዘውድ አልጫኑም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ልጅ እንደ ተባሉ ቀሩ።

በዚያ ዘመን ወንጀል የሚመረመርበት መንገድ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በአንድ አገር ሰው ተገድሎ ወይም ከብት ተሰርቆ አድራጊው ካልታወቀ ነዋሪው ሁሉ ለአፈርሳታ ወይም ለአውጫጭኝ ይጠራል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስም ከሥራው ተፈትቶ ይቀመጣል። የሚያውቅ ሰው ምስጢሩን በወፍ ስም ያወጣል። ይህ ሥርዓት ሕዝብን ቢያጉላላም ቢያንስ የሰውን ዕውቀት ይጠይቃል። ሌባ ሻይ ግን ከዚህ ይለያል። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይጠጣና ወገቡ በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል። ሌባ ሻዩ የመቀነቱን ጫፍ ይዞ ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ከመንደር መንደር ይዞራል፤ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ የጠፋውንም ይከፍላል። ልጁ ያንን ቤት ለምን እንደ መረጠ የሚጠይቅ የለም። መቀነቱን የያዘው ሰው ወዴት እንደሚስብ የሚቆጣጠርም አልነበረም። የዚህን ምርመራ ውጤት ሁለተኛ ሰው ደግሞ ሊፈትነው አይችልም፤ ሊፈተን የማይችል ነገር ደግሞ ማስረጃ ሊባል አይገባውም። ቁራኛም ነበረ፤ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ታስረው ነገራቸው እስኪያልቅ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ወህኒ ቤትና ጠባቂ በማይበቃበት አገር ተከሳሽ እንዳያመልጥ የተገኘ ብልኃት ነው። ይሁን እንጂ ዕዳው ከበደለኛው እኩል በተበዳዩ ላይ ይወድቃል።

ልጅ ኢያሱ የሌባ ሻይና የቁራኛ አሠራር እንዲሻሻል አደረጉ። በአዲስ አበባም ተረንቡሌ የሚባለውን የከተማ ፖሊስ አቋቋሙ። ስሙ የመጣው ከትሪፖሊ ነው፤ ከኢጣሊያ ጦር ጋር ሊቢያ ዘምተው የተመለሱ ወታደሮች በብዛት ስለ ገቡበት ነው። የመንግሥት ሒሳብ የሚመረመርበት ሥርዓትም በእርሳቸው ጊዜ ተጀምሯል። ይህን ሁሉ ያደረጉት ተረጋግተው በመቀመጥ አልነበረም። ከዋና ከተማው ይልቅ በየጠረፉ መዞር ስለሚወዱ ጅምሩ ብዙ ሳይራመድ ቀረ። የፖሊስ ሠራዊት ለመላ አገሪቱ በአዋጅ የቆመው በ1934 ዓ.ም. ነው። የፖሊስ ምርመራ እንዴት እንደሚካሄድ በዝርዝር የደነገገው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም የወጣው በ1954 ዓ.ም. ነበር።

ስለ ልጅ ኢያሱ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ማለፍ የለበትም። በአገዛዛቸው መጀመሪያ ዓመታት በአዋሽ ዳር ከረዩዎች በአፋሮች እጅ መገደላቸው በተሰማ ጊዜ ወደ አፋር ምድር የቅጣት ዘመቻ አድርገዋል። የቅጣት ዘመቻ ምርመራ አይደለም፤ ገዳዩን ከጎረቤቱ አይለይም። በከተማ የሌባ ሻይን ግፍ የተመለከቱት መሪ በቆላ አንድን ሕዝብ በጅምላ ቀጡ። አፋሮች ግን የራሳቸው የፍርድ ሥርዓት ነበራቸው፤ ዛሬም አላቸው። በማድአ ሕግ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገሩን ይሰማሉ፤ ፊማ የሚባለው የእኩዮች ማኅበር ጥፋተኛውን ያቀርባል፤ ውሳኔውንም ያስፈጽማል። ይህ ሁሉ በእጅ እያለ ወታደር መላኩ የዘመኑ ልማድ ነበረ ቢባልም በደልነቱ አይቀርም።

ከዚያ የክሱ ተራ ወደ እርሳቸው ዞረ። ልጅ ኢያሱ ሐረር ሲሰነብቱ መስጊድ ይሄዳሉ፣ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ይጋባሉ፣ ከቱርክ ቆንስል ጋር ይወዳጃሉ ተባለ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት ይህ ወሬ እንግሊዝን፣ ፈረንሳይንና ኢጣሊያን አስጨነቀ፤ ለሸዋ መኳንንት ደግሞ ምቹ ምክንያት ሆነ። በሙስሊም ልብስ ያሳዩዋቸዋል የተባሉ ፎቶግራፎች በሰው እጅ ተዘዋወሩ። ከእነዚህ መካከል ሁለት ሥዕል በማጋጠም የተሠራ እንዳለ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ፎቶግራፍ ለአገሩ ገና ብርቅ ስለ ነበረ ማንም ሰው በዓይኑ እንዳየ ቆጠረው። መኳንንቱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል፣ ተሰብስበው ክሱ ተነበበ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ፤ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሆኑ። ተከሳሹ አልተጠሩም፤ መልስም አልሰጡም። ከሙስሊሙ ሕዝብ ጋር መቀራረባቸው እውነት ነበረ። አገሪቱን ከሁለቱም ሃይማኖት ተከታዮች ጋር የመግዛት አሳብ ይሁን የእምነት ለውጥ፣ ይህን መለየት የሚገባው ምርመራ ግን አልተካሄደም።

ልጅ ኢያሱ ነገሩን የሰሙት በሐረር ሳሉ ነው። ጦራቸው ከሐዲዱ ዳር ሚኤሶ ላይ ሲሸነፍ ወደ አፋር ቆላ ገቡ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ተማረኩ። ልጅየው ወደ ወሎ ተሻግረው በመቅደላ ተከበቡ፤ ሾልከው ወጡ። የወሎ ጦር በ1909 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመታ ደግሞ እንደገና ወደ ቆላው ወረዱ።

አሳዳጆቻቸው ያን ጊዜ አዲስ መሣሪያ ነበራቸው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቷል፤ የስልክ ሽቦም ተዘርግቷል። ሽቦው ግን ከአዋሽ በስተ ሰሜን ባለው በረሃ ውስጥ አልነበረም። በዚያ የሚሠራው ሽቦ ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ግመላቸውን አቁመው፣ ቁጭ ብለው፣ ያዩትንና የሰሙትን አንድ በአንድ ይነጋገራሉ። እንዲህ ባለ አገር አንድ እንግዳ፣ ያውም ተከታይ ያለው እንግዳ፣ ሳይታወቅ አራት ዓመት ሊኖር አይችልም። ያሉበትን የሚያውቅ ብዙ ነበረ ማለት ነው፤ ወሬው ግን ከሐዲዱ አልደረሰም። ያን ሕዝብ ራሳቸው በቅጣት ዘመቻ ወግተውት እንደ ነበር ሲታሰብ ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። እንግዳን አሳልፎ መስጠት በአፋር ዘንድ ነውር መሆኑ ሳይረዳቸው አልቀረም።

የተያዙት ከበረሃው ወጥተው ትግራይ ከገቡ በኋላ፣ በ1913 ዓ.ም. በደጃዝማች ጉግሣ አርአያ እጅ ነው። በራስ ካሣ ኃይሉ ጥበቃ ሥር በፍቼ ታሰሩ። በ1924 ዓ.ም. አመለጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ እንደገና ተያዙ። በማምለጡ ረድተዋል የተባሉት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ለፍርድ ቀርበው ሞት ተፈርዶባቸው በዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። ረዳቱ ችሎት ፊት ሲቆሙ ዋናው እስረኛ አንድም ቀን አልቆሙም።

ከዚያ ወዲያ ወደ ሐረርጌ፣ ጋራ ሙለታ፣ ግራዋ ተወሰዱ። ኢጣሊያ አገሩን በወረረ በሁለተኛው ወር፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም.፣ መሞታቸው ተነገረ። በሕመም ነው የሚል አለ፤ ጠላት እንዳይጠቀምባቸው ተገደሉ የሚል አለ። አሟሟታቸውም መቃብራቸውም እስከ ዛሬ ያከራክራል።