ሬኔ ዴካርትና የነጥብ ምርመራ

አንድ ነጥብ በቀጥታ መሥመር ላይ መዋሉን ማስመሪያ ሳናነሣ በቁጥር ብቻ የምንመረምረው ከሬኔ ዴካርት በወረስነው ዘዴ ነው። ይህ ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1596 ተወለደ። በ1633 በጋሊሌዮ ላይ በተፈረደ ጊዜ ስለ ዓለም የጻፈውን መጽሐፍ ከማሳተም ታቀበ፤ እኛ በዚህ አንፈርድበትም። በ1637 ግን በሆላንድ «ጂኦሜትሪ» የተባለውን ሥራውን አወጣ። (መለኪያዎቹን ዛሬ በምናውቀው መልክ ያበጁት ተከታዮቹ ናቸው።)

እነሆ፣ ቁመቱ የአግድሙ እጥፍ ሲደመር 1 የሆነ መሥመር አለን እንበል። አግድሙ 3 ቁመቱ 7 የሆነው ነጥብ በላዩ ይውላል፤ የ3 እጥፍ 6፣ 1 ሲጨመርበት 7 ነውና። ቁመቱ 8 የሆነው ግን መምህሩ ቢምሉለትም አይውልም።

እስከ ረፋድ በአልጋው ላይ ማሰብ የለመደውን ሊቅ የስዊድን ንግሥት ክሪስቲና በክረምት ብርድ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ያስተምራት ዘንድ አዘዘችው። በፌብሩዋሪ 1650 በስቶክሆልም በሳንባ ምች ሞተ።